ሕያው ሰው በጀናዛ ሳንቃ

አጎቴ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ፤ አንዱን ቀልድ ግን ሁለቴ አይናገሩትም። «እስቲ ያችን ይድገሟት» ሲባሉ «ትናንት የታኘከ ጫት ዛሬ ይታኘካል?» ብለው ያልፉ ነበር። ይህን ከፊት የማስቀምጠው ላሞግሳቸው ብዬ አይደለም። በዚያ ቀን ያስጨነቀኝ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጠባያቸው ነው። ሌላ ሰው ወድቆ የተዛባ ነገር ቢናገር ጭንቅላቱ መጎዳቱን ወዲያው ትጠረጥራላችሁ። አጎቴ ግን በደህናውም ቀን የተዛባ ነገር ሲናገሩ ነበር የሚውሉት።

ማሽላው እሸት ይዟል። በቀወት ቆላ በዚህ ወቅት ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ማባረር የጎረምሶች ሥራ ነበር። ያን ዓመት ግን ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ከሩቅ የሚታይበት ከፍታ ላይ መቆም ስለፈራ፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው ማማ ላይ የወጡት። እኔም ዕድሜዬ ደርሷል። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ቢሆንም፣ ማንበብ በመቻሌ የገበሬ ማኅበሩ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ለአጭር ሥልጠና ልኮኝ የሰፈራችን የጤና ወኪል ሆኜ ነበር። የወባ ክኒን አድላለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ውሃ አፍሉ እያልኩ እለፈልፋለሁ። ግጥም የምገጥመው በትርፍ ጊዜዬ ሳይሆን በሥራ ሰዓቴ ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ «ገጣሚው» ይሉኛል፤ አጠራራቸው «ሰነፉ» ማለታቸው እንደሆነ ያስታውቃል።

ያን ጠዋት ከማሳው ዳር ከግራር ሥር ተቀምጫለሁ። የአጎቴ ወንጭፍ ይጮሃል፣ ወፉ ይነሣል፣ መልሶ ያርፋል። ከዚያ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ ወንጭፉ ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

ማሽላውን እየጣስኩ ደረስኩ። ከማማው ሥር ባለው የድንጋይ እርከን ጠርዝ ላይ በማጅራታቸው ወድቀዋል። ከጆሯቸው በላይ ደም አለ። ዓይናቸው ተከድኗል። «ጋሼ! ጋሼ!» አልኩ። እስትንፋሳቸውን ለመስማት ጎንበስ ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ወፎቹ ሄዱ?» አሉኝ።

«ሄደዋል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

ሳቅሁ። በጣም ነው የሳቅሁት።

እንጨቱ ሲሰበር የሰማ ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጆንያ ማሽላ እንደ ሕፃን የሚያቅፍ ሰው ነው። በእኛ አገር የወደቀ ሰው ተጋድሞ አይተውም። በተለይ ሽማግሌ በጀርባው ተዘርግቶ ሰማይ እያየ መታየቱ ነውር ነው፤ እንዲያ የሚዘረጋው ሬሳ ነው። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ብብቱ ሥር ገብቶ ቀና ማድረግ፣ ቀጥሎ ውሃ ማጠጣት የታወቀ ሥርዓት ነው። ጎረቤታችንም ይህንኑ ሊያደርግ ጎንበስ አለ።

«አትንካቸው!» አልኩት።

«ምን?»

«አንገታቸው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። እንዳሉ ይቆዩ።»

«አባትህን የሚያክሉ ሰው አፈር ላይ አስተኝተህ ቆመህ ልታይ? ይሄ ነው ያስተማሩህ?»

ያስተማሩኝ ይኸው ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ያሠለጠነን የሐኪም ረዳት፣ አንድ ቀን እንዲህ ብሎናል፦ ከከፍታ የወደቀ ሰው አንገቱ ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደተሰበረ ቁጠሩት፤ በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው ህብለ ሰረሰር በውድቀቱ ባይቆረጥ እናንተ ቀና ስታደርጉት ሊቆረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይሄድም፣ ወይም እዚያው መተንፈስ ያቆማል። ሰምቻለሁ እንጂ በእጄ አድርጌው አላውቅም። ትክክል ካልሆንኩ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሰው እንዳይረዳቸው የከለከልኩ እኔ ነኝ።

ጭንቅላታቸውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ጎረቤታችንን የእግራቸውን አውራ ጣት እንዲቆነጥጥ ነገርኩት። ቆነጠጠ።

«ጋሼ፣ የትኛውን እግርዎን ነው የነካው?»

«እግር አለኝ እንዴ?»

«አሁን አይቀልዱ።»

«አልቀለድኩም» አሉ። ድምፃቸው ቀነሰ። «ወላሂ አልቀለድኩም።»

ጎረቤታችን እጁን ከእግራቸው ላይ አነሣ፤ የጋለ ነገር የነካ ይመስል። ከዚያ በኋላ ቀና እናድርጋቸው አላለም።

የአጎቴ ሚስት ሲደርሱ በእጃቸው የውሃ ቅል ይዘው ነበር። ውሃውን ከለከልኳቸው፤ ቢያስመልሳቸው በጀርባ እንደተኙ ትን ይላቸዋል። እትዬ ቅሉን መሬት ላይ አኖሩና ክፉ አስተያየት አዩኝ። በዚያ መሃል ሰው የጠፍር አልጋ ተሸክሞ መጣ። በሽተኛ ወደ ከተማ የምንወስደው በዚያ ነው። ጠፍሩ ግን መሃሉ ረግቧል፤ ሰው ሲተኛበት እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ድሬሰሩ አስተኙበት ያለው ጠንካራና ቀጥ ያለ ነገር ነው። በዓይነ ልቡናዬ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞርኩት። የሁላችን በር የአገዳ ነው። ሰው የሚያስተኛ ረጅም ሳንቃ በመንደሩ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መስጊዱ ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው የጀናዛ ማጠቢያ።

ስናገረው እትዬ ብቻ ናቸው የተናገሩት።

«ከዚያ ላይ ተነሥቶ ቤቱ የተመለሰ ማን አለ? አንድ ሰው ጥራልኝ።»

የመስጊዱ ሸኽ ከሰዉ መሃል ቆመው ነበር። «እትዬ፣ ጠርቤ የሠራሁት እኔው ነኝ» አሉ። «ዋንዛ ነው። ሌላ ነገር የለበትም።»

«ለእርስዎ ዋንዛ ይሁን!»

ከመሬት የአጎቴ ድምፅ መጣ። «አምጡት። አንድ ቀን መለካቴ ላይቀር፣ የሚያጥረኝ ከሆነ አሁኑኑ ይታወቅ።»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም፤ ግን መንገድ ለቀቁ።

ሳንቃው ሲመጣ ሁለት አጣና ከሥሩ አስረን መሸከሚያ አበጀንለት። እኔ ጭንቅላታቸውን፣ ሌሎቹ ትከሻ፣ ዳሌና እግራቸውን ይዘን እንደ አንድ ግንድ ልናዞራቸው ነው። ትልቁ ፍርሃቴ አንዱ ቀድሞ አንዱ እንዳይዘገይ ነበር። «አንድ፣ ሁለት» ብል ማን በየትኛው እንደሚነሣ አላውቅም። በቢስሚላህ ግን ሁላችንም ከሕፃንነት ጀምሮ አብረን ስንነሣ ኖረናል። ሸኹ «ቢስሚላህ» አሉ፤ በጎናቸው አዞርናቸው፤ ሳንቃው ከጀርባቸው ገባ፤ «ቢስሚላህ» አሉ፤ መለስናቸው። በሁለት ጆሯቸው ግራና ቀኝ ማሽላ የሞላ ከረጢት ደገፍኩ። ግንባራቸውን በገዛ ጥምጥማቸው ከሳንቃው ጋር አሰርኩት፤ ደረትና ጉልበታቸውን በመጫኛ። እትዬ ፀሐዩ እንዳይመታቸው ነጭ ኩታ ጣል አደረጉባቸው። ይህ ኩታ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ማናችንም አላሰብንም።

አራት ጎረምሶች ከተደበቁበት ወጥተው ተሸከሙ። እኔ ከጭንቅላታቸው ጎን እየሄድኩ ሁሉንም እቆጣጠራለሁ፤ ድንጋይ፣ ጉድጓድ፣ የተሸካሚ ቁመት፣ እስትንፋስ። አንዱ ጎረምሳ አጭር ስለነበር ሳንቃው በእሱ በኩል ያዘነብላል፤ ጨርቅ አጣጥፌ ትከሻው ላይ አኖርኩለት። ጥሩ ሄድን። አስፋልቱ ከሩቅ ብልጭ ሲል ግን ጎረምሶቹ ቆሙ፤ ሳንቃውን በቀስታ አወረዱ።

«ከዚህ አናልፍም» አለኝ አጭሩ። «ከተማው ውስጥ አፈሳ አለ ብለዋል። አንተም ብትመለስ ይሻልህ ነበር።»

የሚያባርራቸው ያለ ይመስል ወደ ማሽላው ተመልሰው ገቡ። እትዬና እኔ፣ መሃላችን ሳንቃው፣ መንገድ ዳር ቀረን። አጎቴ ከኩታው ሥር ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

የገበያ ቀን ነበር። ብዙም ሳይቆይ አህያ የሚነዱ ሰዎች ብቅ አሉ። ሳንቃውንና ነጩን ኩታ ከሩቅ ሲያዩ አህዮቻቸውን ለሴቶቹ ሰጥተው ወደ እኛ ፈጠኑ። በሞት ጊዜ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያሉ ደረሱ፤ የማንን ሬሳ እንደሚሸከሙ እንኳ ሳይጠይቁ፣ እኔም ሳላስረዳቸው፣ አጣናው ሥር ገቡ። ጀናዛ መሸከም ከአላህ ዘንድ አጅር የሚያስገኝ ሥራ ነውና ከኋላ የመጣው የፊተኛውን ትከሻ መታ አድርጎ ይቀበላል፤ ያም ለሚቀጥለው። ጀናዛ ደግሞ በጥድፊያ ነው የሚኬደው። ሳላውቀው እየሮጥን ነበር። በእያንዳንዱ ቅብብል ሳንቃው ይናጣል፣ አንዱ የማሽላ ከረጢት ከጆሯቸው ተንሸራትቶ ወጣ።

«ቀስ በሉ! እባካችሁ ቀስ!»

ከፊት የተሸከመ ሽማግሌ ሳይዞር መለሰልኝ። «ጀናዛ ይቸኮልበታል እንጂ ቀስ አይባልበትም፣ ልጄ። ቁርአን ቤት አልገባህም?»

«ጀናዛ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ከኩታው ሥር አጎቴ ጠየቁ፦ «ማን ሞተ?»

ከኋላ የነበረው ሰው «ያ አላህ!» ብሎ አጣናውን ለቀቀ። ሳንቃው ተንጋደደ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፣ አጣናው በትከሻዬ ላይ ነበር፤ አንድ እጄ የአጎቴን አገጭ ይዟል። ግንባራቸው የታሰረበት ጥምጥም ባይኖር ኖሮ ጭንቅላታቸው በሳንቃው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ሽማግሌው ከፊት በርትቶ ቆመ። አወረድናቸው። እትዬ ኩታውን ገለጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ አጎቴ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የለቀቀው ሰውዬ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ደረቱን ይይዛል። «አንቱ ሰውዬ፣ እኔን ገድለውኝ ነበር!» ይላል። እትዬም ሳቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ማንም አልሞተ፤ እርስዎን ወደ ሐኪም እየወሰድንዎ ነው» አሏቸው።

«እሺ» አሉ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው አነጋገር፦ «ማን ሞተ?»

ሰዉ ደግሞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አጎቴ አንድ ቀልድ ሁለቴ አይናገሩም። ይህ ሦስተኛው ነበር።

አራተኛውን ሳይጨርሱ ፊታቸው ነጣ፤ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሊያስመልሳቸው ነው፤ በጀርባቸው ታስረዋል። ፈትቼ ላዙራቸው ብል አንገታቸው፣ ብተዋቸው ትንፋሻቸው። ምን እንደምሠራ ያወቅሁት እጄ ሳንቃውን ከያዘ በኋላ ነው። «ሳንቃውን! ከነእሳቸው አጋድሉት!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው «ቢስሚላህ» አለ፤ ሳንቃው ከነአጎቴ በጎኑ ቆመ። ያስመለሳቸው ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። አፋቸውን በኩታው ጫፍ ጠረግሁ። ተነፈሱ።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ሽማግሌው «እንዴት እንሂድ፣ ልጄ?» ብሎ ጠየቀኝ። በቀስታ፣ በቢስሚላህ ብቻ እየተቀባበልን ሄድን። አንድም ሰው ወደ አህያው አልተመለሰም።

ሸዋ ሮቢት ከተማ መግቢያ ላይ በገመድ የተዘጋ ኬላ ነበር፤ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። እትዬ አንድም ቃል ሳይናገሩ ኩታውን በአጎቴ ፊት ላይ መለሱት። እኔ አጣናው ሥር ገብቼ አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ አሁንም «ማን ሞተ?» ቢሉስ? ሕያው ሰው በጀናዛ ሳንቃ ስለምን እንደምንሸከም ስናስረዳ ልንውል ነው፤ እኔማ እዚያው ልቀር ነው። ጠባቂው ቆቡን አውልቆ ገመዱን ዝቅ አደረገ። አጎቴ ምንም አላሉም። ኬላውን እንዳለፍን ይህ ዝምታቸው ከሁሉ የባሰ አስደነገጠኝ። ኩታውን ገለጥኩ። ተኝተዋል። «ጋሼ!» አልኩ፤ ዓይናቸውን ለመግለጥ ጊዜ ፈጀባቸው።

ድሬሰሩ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀበለን። መጀመሪያ ጆሯቸውን አየ። ከጆሯቸው ኩታው ላይ የነጠበው ደም ዙሪያውን ውሃ የመሰለ ቀለበት ሠርቷል። «ከደሙ ጋር ከአንጎል ዙሪያ የሚመጣ ፈሳሽ አለ፤ ራስ ቅላቸው ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ጆሯቸውን በጥጥ እንዳትደፍኑት» አለ። ባትሪ እያበራ ሁለቱን ዓይን መረመረ። «ብሌናቸው እኩል ነው። አሁን እኩል ነው።»

የጤና ጣቢያው መኪና ለዘመቻ ተወስዷል። ድሬሰሩ ከካራቆሬ በኩል የጥጥ ጆንያ ጭኖ የመጣ መኪና አስቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሳንቃውን አየና «ሬሳ አልጭንም» አለ።

«ሬሳ አይደሉም።»

«ሳንቃው ግን የሬሳ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

«ሳንቃውን ነው የምትጭነው ሰውየውን?» አለው ድሬሰሩ። ሾፌሩ ራሱን አከከ፤ ከዚያ ጆንያዎቹን አስተካክሎ ቦታ ሠራ። ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። «እስከ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ዓይናቸውን እያየህ ትሄዳለህ። ሲያንቀላፉ ቀስቅሳቸው። አንዱ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ሲያገኘው አልጠብ ካለ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ነው።»

«ያን ጊዜ ምን ላድርግ?»

«ሾፌሩ ይፍጠን በለው።» ሌላ ነገር አልነበረውም።

ወጣን። ቆላው ከኋላችን ዝቅ አለ። ነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ ጥጡ እየሸተተን ደብረ ሲናን አለፍን። እትዬ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን ይቆነጥጣሉ፤ የጎረቤታችንን ነገር ሰምተው ኖሯል። ከመንገዱ መጀመሪያ አንሥቶ አላቆሙም። እኔ ዓይን አያለሁ። በየመታጠፊያው ዳመና ሲጋርድና ሲገልጥ ብሌናቸው ሰፋ፣ ጠበበ ይላል፤ በየጊዜው ልቤ አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። ዓይን ላይ ይህን ያህል ማፍጠጥ ክፉ ነገር ነው፤ የሌለ ነገር ያሳያል። ግራው የሰፋ ይመስለኛል፣ አይ ቀኙ ነው እላለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። እሳቸውን እየጠበቅሁ ሳለ ስለ ብርሃን የሚያምር ስንኝ ወደ አፌ መጣ፤ ዋጥኩት።

ጣርማበር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሁሉም ጠፋ። የሞተሩ ጩኸት ግድግዳውን እየደበደበ ይመለሳል። እጄን ደረታቸው ላይ አኖርኩ፤ ይነሣል፣ ይወርዳል። ዓይናቸው አሁን ጨለማ ውስጥ ሰፍቶ እንደሚሆን አውቃለሁ። ወደ ብርሃን ስንወጣ ሁለቱም መጥበብ አለባቸው። ዋሻው ያን ዕለት የረዘመውን ያህል ረዝሞ አያውቅም።

በጨለማው ውስጥ አጎቴ ተናገሩ።

«አንቺ ሴት፣ ጥፍርሽን ቁረጪ።»

እትዬ እጃቸው ሳይደርቅ አልቀረም። እኔ ግን ማመን አልፈለግሁም፤ ሲቆነጥጧቸው አይተው ሊቀልዱም ይችላሉ። ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፦ «የትኛው እግርዎ ነው፣ ጋሼ?»

«ግራው። አስለቅቀኝ።»

እትዬ በዚያ ድቅድቅ ውስጥ የያዙት የግራውን ነበር። ማልቀስ ጀመሩ። ከዋሻው ስንወጣ ጉም ነጭ ብርሃን ፊታቸው ላይ ደፋባቸው። ጎንበስ አልኩ። የቀኙ ብሌን ጠበበ። የግራው ዘገየብኝ፤ ወይም ዓይኔ ነው የዘገየው። ከዚያ እሱም ጠበበ።

አጎቴ ወደ መንደር የተመለሱት ማሽላው ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው። አንገታቸው ላይ የጀሶ አንገትጌ አለ፤ ለመዞር መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት፤ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። በከዘራ ይሄዳሉ፣ ግን ይሄዳሉ። ሳንቃው ከሳቸው ቀድሞ ደርሷል፤ ሾፌሩ በመልሱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥሎት ሄዶ ሸኹ አስመጥተውት ነበር። አጎቴ መስጊዱ ጓሮ ገብተው በከዘራቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

«አጥሮኝ ነበር» አሉ። ሸኹ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ከሰዓት ማሳው ዳር፣ ከግራሩ ሥር ተቀምጠን ሳለ ከማዶ መንደር የለቅሶ ድምፅ መጣ። አጎቴ መላ ሰውነታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው፤ ለረጅም ጊዜ ታመው የከረሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «አላህ ይማራቸው» አሉ። እኔ ዓይናቸውን አያለሁ። ከግራሩ ቅጠል መሃል የሚወርደው ብርሃን ፊታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛ ይጠይቁኝ እንደሆነ እየጠበቅሁ ነው።

«ምን ታፈጣለህ፣ ገጣሚው?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ቆሙ። ቤት እስክንደርስ ጎን ለጎን ሄድን፤ መንገዱን ሁሉ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም።